ማርያም የሳመችውን የማይሰርዝ ፎቶ አንሺ

የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ከመንዝ በኢንቦክስ ጻፈችልኝ። አባቷን ታሪክ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ የምርቃት ኮሚቴ ውስጥም አስገብተዋታል። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ ለምርቃት ፎቶና ለመጽሔታችን ፎቶ አንሺ ምረጡ ተብለን ልንጣላ ነው። አንዳንዱ ከአዲስ አበባ ይምጣልን ይላል፤ ጋውኑንም ባነሩንም ይዞ ይመጣል፣ ድሮንም አለው። ሌላው ከደብረ ብርሃን ይሁን ይላል። እዚሁ ከተማችን ያለውን ፎቶ ቤት የሚፈልግ ግን ብዙ የለም። አባዬን ብጠይቀው ‹የፎቶ ነገር ከሆነ እሳቸውን ጠይቂ፣ በዚህ ጉዳይ ቁስል አለባቸው› አለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

አባትሽ እውነቱን ነው፤ ቁስል አለብኝ። እሱን ኋላ አወራችኋለሁ። ግን መቼም ታውቁኛላችሁ፤ የታሪክ አስተማሪ «የቱ ይሻላል?» ሲባል ከመቅደላ ሳይነሳ መልስ አይሰጥም።

ስለዚህ ከመቅደላ እንነሳ።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር ካሜራም ይዞ ነበር። የጦሩ መሐንዲሶች መንገዱን፣ ተራራውን፣ ከእስር የተፈቱትን ፈረንጆች ሁሉ ፎቶ አነሱ። የሚገርመው፣ ዓፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶ የለንም። ያለን ስዕል ነው። አንደኛውም ከሞቱ በኋላ ከጦሩ ጋር የመጣ አንድ እንግሊዛዊ ፊታቸውን እያየ የነደፈው ነው። ያን ያህል ስማቸው የገነነ ንጉሥ፣ ፊታቸውን ያስቀረልን ጠላት ነው፤ ያውም ሬሳቸውን።

ልጃቸው ዓለማየሁ ግን ፎቶ አለው። ብዙ ፎቶ። በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ በመንገድ ላይ አረፉ። እዚያ እንደደረሰ በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት ፎቶ አነሳችው። ይቺ ሴት ቀላል ሰው አይደለችም፤ በዘመኑ ከነበሩት ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ስሟ እስከ ዛሬ ከሚጠራው አንዷ ናት። ፎቶውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የአገሩን ልብስ አልብሰው፣ አንገቱ ላይ ጌጥ አድርገውለት፣ ዓይኑ ግን የት እንዳለ እንጃ። እኔ ያንን ፎቶ ክፍል ውስጥ ሳሳይ ሁልጊዜ ጸጥታ ይሆናል።

ፎቶ አንሺዋ ጎበዝ ነበረች። ብርሃኑ ድንቅ ነው። ግን ልጁ አልመረጣትም። ልብሱንም አልመረጠም፣ አብሮት የሚቆመውንም ሰው አልመረጠም። ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ። አስራ ስምንት! የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ማለት ነው። አጽሙ ዛሬም ዊንድሰር ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 «ይመለስልን» የሚል ጥያቄ እንደገና ተነስቶ ቤተ መንግሥቱ አይሆንም ብሏል። እኛ ዘንድ የቀረልን ሌሎች ያነሱት ፊቱ ነው።

እዚያው መቅደላ ላይ ያደገ ሌላ ልጅ ነበር፤ የእኛው የሸዋው ልጅ። አንጎለላ የተወለደው ምኒልክ በ1848 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳለ በቴዎድሮስ ተወስዶ አሥር ዓመት ያህል እዚያ ቆየ። አምልጦ ሸዋ ገባ፤ ኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ይህ ልጅ ሲያድግ ከፎቶግራፍ ጋር የነበረው ነገር ከዓለማየሁ ፍጹም የተለየ ነው፤ ምክንያቱም ምኒልክ ፎቶ አንሺውን መረጠ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባሉ አርመናዊ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺም ሆኑ። ከእሳቸው በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ሥራውን ተረከቡ፤ እስከ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሰውየው አንስቶ የሄደ አይደለም። እዚሁ ኖረ፣ እዚሁ ወለደ፣ ልጆቹን እዚሁ ሥራውን አስተማረ። ንጉሡ ሲያልፍም ፎቶው ከቤተሰቡ ጋር ቆየ። ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬ ፊት ያላቸው። ምኒልክ የመረጡት ካሜራ ሳይሆን አብሮ የሚኖር ሰው ነው።

ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ፎቶ ጉልበት እንዳለው ደግሞ ከእኛ ከሰሜን ሸዋ ሰዎች በላይ ማን ያውቃል? ልጅ ኢያሱ የሙስሊም አለባበስ ለብሰው የሚያሳይ ፎቶ በተቃዋሚዎቻቸው እጅ ተዘዋወረ። እውነተኛ ነው የሚል አለ፣ ተቀነባብሮ ነው የሚል አለ፤ የታሪክ ሰዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ክርክሩ ምንም ይሁን፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ እዚሁ አጠገባችን ሰገሌ ላይ ስንት ሺህ ሰው አለቀ። ጦርነቱ በፎቶ ምክንያት መጣ እያልኩ አይደለም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን ፎቶን የነካካ እጅ የሰውን ስም እንደሚነካካ ያኔም የታወቀ ነገር ነበር ለማለት ነው።

ይሄ ሁሉ የነገሥታት ነገር ነው። የእኛ አባትና እናት ፎቶስ?

በእኔ ልጅነት የመንዝ ገበሬ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቅድስት ማርያም ስዕል ነበር፣ ከዚያ ቢበዛ የንጉሡ ፎቶ። ሰው የራሱን ፊት የሚያየው ውሃ ቀድቶ ሲመለስ እንስራው ውስጥ ነው። ታዲያ ፎቶ ወደኛ የመጣው በወረቀት ጉዳይ ነው። መታወቂያ፣ ፈተና፣ ደመወዝ፣ እስር። «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘህ ና!» ይህቺ አረፍተ ነገር ስንቱን የደጋ ልጅ ከተማ እንዳወጣች!

እኔ ማትሪክ የተፈተንኩት በ1974 ዓ.ም. ነው። ለመፈተኛ ካርዱ ፎቶ ያስፈልጋል ተብለን ደብረ ብርሃን ወረድን። ፎቶ ቤቱ ውስጥ አንድ ጥቁር ኮት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ከነክራቫቱ። ክራቫቱ በላስቲክ አንገት ላይ የሚጠለቅ ነው። ኮቱን ሁላችንም በየተራ ለበስነው። ጉርድ ፎቶ ከደረት በታች አያሳይም፤ ስለዚህ እኔ ከላይ ባለሥልጣን፣ ከታች ቁምጣና ኮንጎ ጫማ ነበርኩ። ፎቶ አንሺው ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ሆኖ «ቀና በል፣ ዓይንህን አትጨፍን፣ አትንፈስ» አለኝ። እውነትም አልተነፈስኩም። የዚያ ዓመት ተፈታኞችን ካርድ ብትደረድሩት ስንቶቻችን አንድ ኮት ለብሰን እንደምንታይ እግዜር ይወቀው።

ስንስቅበት ኖረናል። ግን አንድ ቀን አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገባሁ። በ2002 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። እዚያ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ፎቶ ነው። አያችሁት? ጉርድ ፎቶ! አፍሮው፣ ትልቁ የሸሚዝ ኮሌታ፣ ወደ ካሜራው ቀጥ ብሎ የሚያይ ዓይን። ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለፈተና የተነሱት ነው፤ ማናቸውም ለግድግዳ ብሎ አልተነሳም። ያቺ የአምስት ደቂቃ ፎቶ የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ምስክር ሆና ቀረች። ያን ቀን ነው በኮቱ መሳቅ ያቆምኩት።

ከዚያ ደግሞ 1977 መጣ። ድርቁ የእኛንም አገር ነክቷል፤ መንዝን፣ ግሼን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥቅምት ላይ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል ዓለምን አነቃነቀ። እህል መጣ፤ ያንን ማንም መካድ የለበትም። ግን ዓለም ያየን በሌላ ሰው ካሜራ፣ በክፉ ቀናችን፣ ያለ ስም ነው። በቴሌቪዥን ከታዩት ሕፃናት አንዷ ትግራይ ውስጥ ልትሞት ነው ተብላ የተቀረጸች ልጅ ነበረች፤ ምስሏ እ.ኤ.አ. በ1985 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ለዓለም ታየ። ስሟ ብርሃን ወልዱ ነው። አልሞተችም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ለንደን ላይ ላይቭ 8 መድረክ ላይ የግብርና ተማሪ የሆነች ቆንጆ ወጣት ሆና ወጣች። ያ ቀን ነው ለዓለም ስሟን ያገኘችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊቷ ዓለምን ሲዞር ስሟ አብሮት አልዞረም ነበር።

የእኔ እናት ደግሞ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ የተነሳችው ለመሬት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀመር ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፋል ተባለ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ለስንት ዘመን መሬት በአባወራ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ አሁን የሚስቲቱ ፊት ከባሏ ጎን! ፎቶ አንሺ ቀበሌው ድረስ መጣ፤ ነጭ አንሶላ አጥር ላይ ወጠረ፤ ሽማግሌና ባልቴት ተሰለፉ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና «ሁለቱም ዓይኔ ይታያል?» ብላ ጠየቀችው።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ የሚገባን እናውቃለን። በቤተ ክርስቲያን ስዕላችን ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚሳለው፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳና ሰይጣን ነው። እናቴ ፎቶ አታውቅም፤ የተሟላ ምስል ምን እንደሆነ ግን ታውቃለች። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አየችውና «ይቺ እኮ እናቴ ናት» አለች። ዛሬ እሷ የለችም። ከደብተሩ ላይ በስልክ ያነሳኋት ፎቶ ቤቴ ተሰቅላለች፤ የማህተሙ ጠርዝ ትከሻዋ ላይ አለ።

እንግዲህ አሁን ቁስሌን ላውራ።

በ1998 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። የ12ኛ ክፍል የምርቃት ኮሚቴ አማካሪ አደረጉኝ። ያኔም ልክ እንደዛሬው ሁለት አማራጭ ቀረበ። አንደኛው የከተማችን ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ በጨለማ ክፍላቸው ፊልም የሚያጥቡ፣ ዲጂታል ካሜራ ገና በቅርቡ የገዙ፣ ኤዲት የማያውቁ። «እኔ የሰው ፊት አልነካም፤ እግዜር የሠራውን ነው የማነሳው» ይላሉ። ሁለተኛው ከትልቅ ከተማ የመጣ ወጣት ነው። ናሙናው ያብረቀርቃል። ጀርባው ላይ ፏፏቴ ያስገባል፣ የዱባይ ፎቅ ያስገባል፣ ፊትን ያጠራል። ዋጋውም ትንሽ ይቀንሳል።

ልጆቹ እኔን አዩ። እኔም «ወጣቱ ይሻላል፣ ዘመናዊ ነው» አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም።

ሰውየው መጣ፣ በአንድ ቀን ሁሉንም አነሳ፣ ሄደ። መጽሔቱ ታተመ። ልጆቹ ተደሰቱ። በፏፏቴ ፊት የቆመ የመንዝ ልጅ፣ ብርድ ያቃጠለው ጉንጩ ጠፍቶ እንደ ወተት ነጥቶ! እኛም ጨበጨብን። ገንዘብ ያልነበራቸው ስድስት ልጆች ግን ፎቷቸው የለም፤ ስማቸው ብቻ መጨረሻ ገጽ ላይ ተጻፈ። ያኔ ብዙም አልከበደኝም። አሁን ይከብደኛል።

ከመካከላቸው አንዲት ጎበዝ ልጅ ነበረች። ኮሌጅ ገባች፣ ተመረቀች፣ አስተማሪ ሆነች። በ2003 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም አረፈች። አርባዋ ሲደርስ እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ለአርባዋ ትልቅ ፎቶ አሠርተው ለቀስተኛው ፊት ሊያስቀምጡ ፈልገዋል፤ ቤት ያለው ይህ ብቻ ነው ብለው መጽሔቱን ከነጠላቸው አወጡ። ከእሷ ገጽ ላይ ጣታቸውን አድርገው «ጋሼ፣ ይቺ ማን ናት?» አሉኝ።

«ልጅዎ ናት እኮ እትዬ» አልኳቸው።

«የእኔ ልጅ እዚህ ጋ ማርያም የሳመችው ነበራት» አሉና የራሳቸውን ግራ ጉንጭ ነኩ። «ስትወለድ ጀምሮ። አባቷ በሱ ነው ያወጣላት ስም። ማርያም የሳመቻትን ማን ሰረዘባት?»

ምን ብዬ ልመልስ? ፎቶ አንሺው «እንከን» መስሎት አጥፍቶታል። ለእሱ ነጥብ ነው፤ ለእናትየዋ ልጃቸው ናት። ደወልኩለት። ስልኩን አነሳ፣ ጨዋ ልጅ ነበር፣ አላመናጨቀኝም። «ቲቸር፣ ያ ሃርድ ዲስክ ከተበላሸ ቆየ፤ ዋናው ፎቶ የለም» አለኝ። አለቀ።

ከዚያ በማግስቱ እናትየውን ይዤ ወደ ሽማግሌው ፎቶ ቤት ሄድኩ፤ እሳቸውን አንመርጥም ያልኩት ሰው ዘንድ ማለት ነው። አፍሬ ነበር። ነገሩን ነገርኳቸው። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። «ስምንተኛ ክፍል መቼ ተፈተነች?» ብቻ አሉ። «በ1994» አልኩ። ጓዳ ገቡ። በዓመት በዓመት የታሰሩ የነጋቲቭ ፖስታዎች በጣውላ ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል፣ በእርሳስ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ለሚኒስትሪ ፈተና የተነሳችውን ጉርድ ፎቶ ነጋቲቭ አወጡ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። «አለች» አሉ። ማርያም የሳመችውም አለ።

ትልቅ አድርገው አሠሩት። ገንዘብ አልተቀበሉም። አርባው ላይ ያቺ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ሁለት ዓይኗ ቀጥ ብሎ እያየ፣ ግራ ጉንጯ ላይ ምልክቷን ይዛ ተቀመጠች። እናቷ ፎቶውን ስመው ያለቀሱት ለቅሶ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ልጄ፣ እንግዲህ መልሴ እዚህ ውስጥ ነው። አማርኛ አታብዛ ካልሽኝ ደግሞ ዘርዝሬ ልንገርሽ፤ ሌሎቻችሁም ለልጆቻችሁ ንገሩ።

መጀመሪያ፣ ናሙናውን ስልኩ ላይ አትዩ። አምና ያነሳቸውን ተማሪዎች ፈልጉና «ፎቷችሁን ተቀበላችሁ? ዛሬስ በእጃችሁ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ነው ይሄ።

ሁለተኛ፣ ያልተነካውን ዋና ፎቶ ይስጣችሁ። ኤዲት ይቅር አልልም፤ ዘመናችሁ ነው። ግን የተነካውም ያልተነካውም ለየብቻ ይምጣ። ይህ የቆዳ ነገር እኛ ዘንድ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። የኮዳክ ፊልም ለረጅም ዓመታት ቀለሙ የሚለካው «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ጠቆር ያለ ሰው ሲነሳ ፊቱ እየጨለመ ጥርሱና ዓይኑ ብቻ ይቀር ነበር። ኩባንያው ችግሩን በደንብ የሰማው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ሻጮች «የዕቃችን ቀለም አይወጣም» ብለው ሲያማርሩ ነው ይባላል። ዛሬ ፊልሙ ቀርቶ ስልካችን ራሱ ሳንጠይቀው ያነጣናል። የእናንተን ቆዳ እንደ እንከን የማያይ ሰው ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ብርሃናችንን የሚያውቅ ይሁን። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓይን ያስጨፍናል፣ ከቅንድብ ሥር ጥላ ይጥላል። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ተነሱ። ጀርባችሁ ላይ ፏፏቴ ከምትለጥፉ የጓሳ ሣር፣ የድንጋይ ካብ፣ የእናታችሁ ባና አለ። ከሃያ ዓመት በኋላ የዱባይ ፎቅ ያስቃችኋል፤ የድንጋይ ካቡ ግን አያስቃችሁም።

አራተኛ፣ ማንም እንዳይቀር። አንድ ዋጋ ስትዋዋሉ «መክፈል የማይችሉትን ጨምሮ» ብላችሁ ተዋዋሉ። የሁላችሁም ድርሻ ላይ ጥቂት ብር ቢጨመር ስድስት ልጅ ፊት ያገኛል። በእኔ መጽሔት ስማቸው ብቻ የቀረውን ስድስቱን ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ላስታውስ ስሞክር ሁለቱን ብቻ ነው የማገኘው። አስተማሪያቸው ነበርኩ!

አምስተኛውና ዋናው፦ ማን ያስቀምጠዋል? ዋናውን ፋይል በሦስት ቦታ አድርጉ፤ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ በኮሚቴው፣ በአንድ ውጭ ባለ ሰው እጅ። ስልክ ይሰረቃል፣ ፍላሽ ይበላሻል፣ ክፉ ቀንም ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሞላሌና መዘዞ ድረስ በመጣ ጊዜ የማውቃቸው አንዲት እናት ከቤት ሲወጡ በፌስታል የቋጠሩት ሁለት ነገር ነው፤ የመሬት ደብተሩንና የልጆቻቸውን ፎቶ። ስለዚህ በወረቀት አሳትሙ። በፌስታል የሚቋጠር ነገር ይኑራችሁ።

እና ከተማችሁ ውስጥ ያለውን ፎቶ ቤት አትናቁ። የግድ እሱን ምረጡ አልልም። ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ሁለቱንም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከአሥር ዓመት በኋላ የአንዷ እናት ብትመጣ የት እናገኝሃለን?» መልሱን ስሙና ምረጡ። ምኒልክ ከመቶ ዓመት በፊት የገባቸው ነገር ይሄ ነው፤ እኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሽማግሌው ፎቶ አንሺ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ። ለቅሷቸው ላይ የእሳቸውን ፎቶ ፈለግን። አገር ሙሉ ሲያነሱ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸው አንድ መታወቂያ ላይ ያለች ጉርድ ብቻ ተገኘች። ማንም ዞር ብሎ እሳቸውን ያነሳ አልነበረም። ስለዚህ ልጄ፣ የመረጣችሁት ሰው ማንም ይሁን፣ ሥራውን ሲጨርስ ካሜራውን ተቀበሉትና እሱንም አንድ አንሱት። መጽሔቱ መጨረሻ ላይ ከነስሙ አስገቡት።

ለሌሎቻችሁም አንድ የቤት ሥራ አለኝ፤ ልማዴ ነው። ዛሬ ማታ ከግድግዳ ወይም ከአልበም አንድ የቆየ ፎቶ አውርዱ። ገልብጡት። ጀርባው ባዶ ከሆነ በእስክሪብቶ ስሙን፣ ቦታውን፣ ዓመተ ምህረቱን ጻፉበት። የሚያውቁ እናት ወይም አያት ካሉ አሁኑኑ ጠይቁ፤ ነገ አትበሉ።

ለዘንድሮ ተፈታኞች መልካም ፈተና! ሁለቱም ዓይናችሁ ይታይ።